ከጥምቀት እስከ ዐድዋ፦ በቡና ምድር ከተሞች የጎርፍ ቦይ ስለሚጠረግበት ወቅት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ፎቅ ሕንፃ ብዙ ተነግሯል፤ ወደፊትም ይነገራል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ስላለው፣ ሕዝቡ ዲች ብሎ ስለሚጠራው የመንገድ ዳር ቦይ ነው። ርእሱ ከዚህ አዳራሽ ክብር ጋር የማይመጣጠን መስሎ ሊታያችሁ ይችል ይሆናል። ነገር ግን በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው ባሉት የቡና ከተሞች አንድ ቤተሰብ በዝናብ ሌሊት ውሃ ወለሉን ሞልቶት ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የግድብ መፍረስ ወይም የድልድይ መሰበር አይደለም፤ የዚህች ቦይ መደፈን ነው።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ይኸውም በደቡብ ምዕራብ ከተሞች የጎርፍ ቦይ የሚጠረግበት ወቅት ከአካባቢው ሰማይ ጋር ሳይሆን ከመሀል አገር የክረምት አቆጣጠርና ከበጀት ዓመቱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ጠረጋው ዝናቡን ተከትሎ እየመጣ ነውና ወቅቱን እናስተካክል የሚል ነው። ምክንያቴን በቅደም ተከተል ለመዘርዘር እሞክራለሁ።

ምድሩና ዝናቡ

ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሚዛን ተፈሪ የደረሰ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው የአገሩን ልምላሜ ነው። ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን በሚል ስም የምትተዳደረው ይህች የቤንች ሸኮ ዞን ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሸካ ዞን ያለችው ቴፒ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ትላለች። ልምላሜው ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስታገኝ፣ ቴፒ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ፣ የሚዛን ተፈሪ አካባቢ ደግሞ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛሉ።

ከመጠኑ ይልቅ ለርእሴ የሚጠቅመው ግን የዝናቡ ወቅት ነው። በመሀል አገር ክረምት የሚባለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው። በደቡብ ምዕራብ ግን ዝናቡ በመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በእርግጥ ደረቅ ለማለት የሚቻለው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ «ክረምት ከመግባቱ በፊት» የሚለው የተለመደ አነጋገር በአዲስ አበባ ግንቦትን ሲያመለክት፣ በሚዛንና በቴፒ የካቲትን ማመልከት አለበት። በግንቦት ቦይ ለመጥረግ አካፋ ያነሣ የቴፒ ማዘጋጃ ቤት ሁለት ወር ዘግይቷል ማለት ነው።

ምን ተለወጠ?

የዚያ አገር ሽማግሌዎች «ዝናቡ ዱሮም ነበረ፤ ጎርፉ ነው አዲሱ» ሲሉ ይሰማሉ። አነጋገራቸው በሥሌት ሲመረመር እውነትነት አለው።

በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ቡና ለዝናብ ብዙ መከላከያ አለው። ጠብታው መጀመሪያ በዛፉ ቅጠል፣ ቀጥሎ በቡናው ቅጠል፣ በመጨረሻም በወደቀው ቅጠል ላይ ካረፈ በኋላ ቀስ ብሎ ወደ ቀዩ አፈር ይሰርጋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ምንም አያስቀርም። ስፋቱ 100 ሜትር ካሬ በሆነ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000 ሊትር፣ ማለትም 15 በርሜል ውሃ በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት በደጅ ላይ ይፈስሳል። ጎረቤቱም እንዲሁ፤ የጎረቤቱም ጎረቤት እንዲሁ።

ሁላችንም በትምህርት ቤት የተማርነውን ቀላል ቀመር እናስታውስ። 10 ሄክታር ስፋት ባለው ተዳፋት ላይ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ቢዘንብና ቦታው በዛፍና በቡና የተሸፈነ ሆኖ የፍሰት መጠኑን 0.3 ብንወስድ፣ ወደ ታች የሚወርደው ጎርፍ በሴኮንድ 0.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያው 10 ሄክታር ቆርቆሮ ለብሶ፣ ግቢው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ መንገዱ በኮብልስቶን ተነጥፎ የፍሰት መጠኑ 0.75 ቢደርስ፣ በዚያው ዝናብ የሚወርደው ጎርፍ 1.25 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሰማዩ አልተለወጠም፤ ጎርፉ ግን ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኗል።

ከተሞቹ ደግሞ ማደጋቸውን አያቆሙም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ሚዛን አማንና ቴፒ ከክልሉ ማዕከላት መካከል ሆነዋል። ከዚያም በፊት የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ከፍቶ ብዙ ሕዝብ ስቧል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ አዲስ ጣሪያ ውሃውን ለታችኛው ጎረቤት የሚያስረክብ መሆኑን ማሰብ የኛ የመሐንዲሶች ድርሻ ነው።

ግማሽ የተደፈነ ቦይ ግማሽ አይሠራም

በብዙ ማዘጋጃ ቤቶች «ቦዩ እኮ ገና ግማሽ ነው፤ ይቆይ» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ መልስ የሚያሳስት ስለሆነ ጥቂት ቁጥር ልጥቀስ።

በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ፣ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነና በመቶ ሜትር አንድ ሜትር የሚወርድ ቦይ ንጹሕ ሆኖ ሲሞላ ውሃው በሴኮንድ 2 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በጠቅላላው በሴኮንድ 0.72 ሜትር ኩብ ውሃ ያሳልፋል። አሁን ይህ ቦይ እስከ ግማሹ በደለል ተሞልቶ በደለሉ ላይ ሣር በቀለበት እንበል። ውሃው የሚያልፍበት ቦታ በግማሽ ቀነሰ፤ ሣሩና ሻካራው ደለል ደግሞ ፍጥነቱን ከ1 ሜትር በታች አወረደው። ሁለቱ ሲባዙ ቦዩ ማሳለፍ የሚችለው 0.17 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆናል። ይህም ከመጀመሪያው አቅሙ ሩብ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ግማሹ የተደፈነ ቦይ ሦስት አራተኛ አቅሙን ያጣ ቦይ ነው።

ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ፈጣን ውሃ አሸዋውን ይዞ ይሄዳል፤ ዘገምተኛ ውሃ ይጥለዋል። ስለዚህ መደፈን የጀመረ ቦይ መደፈኑን ራሱ ያፋጥነዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእሳት ብቻ አይደለም።

ከገዛ ስሕተቴ የተማርሁት

ከዚህ ላይ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ከምናገር ስለ ራሴ ብናገር ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው አካባቢ ባለች፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ከተማ የገበያ መንገድ ቦይ ነድፌ ግንባታውንም ተቆጣጥሬ ነበር። ነጋዴዎቹ ወደ ሱቃቸው የሚሻገሩበት ስፍራ እንዲኖራቸው ስለ ጠየቁ፣ በገበያው ፊት ያለውን 40 ሜትር በብረትና በኮንክሪት በአንድ ወጥ ክዳን እንዲሸፈን አደረግሁ። ሥራው አማረ። ርክክቡም ያለ አንዳች ቅሬታ ተፈጸመ።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ወር በአንድ ሌሊት ዝናብ ቦዩ ከክዳኑ በላይ ገንፍሎ ወደ ሱቆቹ ገባ። እኔም የሥሌት ስሕተት የሠራሁ መስሎኝ ሌቭልና ስታፍ ተሸክሜ ሄድሁ። ቀኑን ሙሉ ተዳፋቱን ለካሁ፤ ልኬቱ ከፕላኑ ጋር አንድ ሆነብኝ። ከሱቆቹ በአንዱ ደረቅ ቡና የሚነግዱ አንዲት እናት አራት ኩንታል ቡና ረጥቦባቸው በሸራ ላይ አስጥተው ይገለብጡ ነበር። ደረቅ ቡና ከመቶ 12 እጅ በላይ እርጥበት ይዞ ከቆየ እንደሚሻግት እናውቃለን፤ ፀሐይ ደግሞ በዚያ ሳምንት አልነበረም። እኔም አጠገባቸው ቆሜ በመሣሪያው ሳይ ጥቂት ከተመለከቱኝ በኋላ፣

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ውሃው ለምን ወደ ላይ እንደ ወጣ እየፈለግሁ ነው» አልኋቸው።

«ውሃውማ ምን ያድርግ፤ መንገዱን ዘግታችሁበት ነው። ከዚህ ክዳን ሥር ያለውን ካያችሁት ስንት ጊዜ ሆናችሁ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ክዳኑን በትልቅ መዶሻ ሰብረን ስናየው ከሥሩ አንድ ሙሉ ጆንያ፣ የኮባ ቅጠል፣ ፌስታል፣ የውሃ መያዣ ፕላስቲክና በላያቸው የተጋገረ የቡና ገለባ እንደ ግንብ ተደርድሮ አገኘነው። ቁጥሮቼ ሁሉ ትክክል ነበሩ። የተሳሳትሁት ሊጠረግ የማይችል ቦይ በመንደፌ ነው። አንድ ሰው እጁን ሊያስገባበት የማይችል 40 ሜትር ዋሻ ሠርቼ፣ ንጽሕናውን ለማን እንዳስረከብሁት እንኳ አላሰብሁም። ያ የረጠበ አራት ኩንታል ቡና የአንድ ቤተሰብ የዓመት ተስፋ ነበር። የዛሬው ንግግሬ መነሻውም እርሱ ነው።

ቦዩን የሚደፍነው ምንድን ነው?

የእኛ የቡና ከተሞች ቦይ የሚደፈነው የሌላው አገር ቦይ በሚደፈንበት ነገር ብቻ አይደለም። ባለኝ ልምድ በአራት ይከፈላል።

አንደኛው አፈር ነው። ቀዩ አፈር ከተቆረጠ መንገድ ዳርና ለቤት ሥራ ከተቆፈረ ቦታ ታጥቦ ይመጣል። በደጅ የተከመረ የግንባታ አሸዋም የዚሁ ወገን ነው።

ሁለተኛው የእርሻ ትራፊ ነው። የሙዝና የእንሰት ቅጠል፣ የጫት ገረባ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቡና መቀሸሪያ የሚወጣው ገለባ ነው። ገለባ ቀላል ስለሆነ በመጀመሪያው ዝናብ ተንሳፍፎ ይሄድና ከቱቦ አፍ ላይ ሲደርስ ይደራረባል። ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣው ልጣጭም ወደ ቦይ ሲለቀቅ ከመድፈኑ ሌላ ወንዙን ያገማል።

ሦስተኛው ፕላስቲክ ነው። ቅጠል ይበሰብሳል፤ ፌስታል ግን አይበሰብስም። ቅጠሉንና ገለባውን አያይዞ የሚያቆመውም እርሱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረት ከልክሎ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ደካማ ሆኖ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በፌስታል ላይ ከዚያ የጠነከረ ክልከላ ያለበት ሌላ ዐዋጅ አጽድቋል። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1998 በደረሰባት ታላቅ ጎርፍ ፌስታል የውሃ መውረጃዎችን ደፍኖ ጉዳቱን እንዳባባሰ ከታወቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ስስ ፌስታልን መከልከሏ ይታወቃል። ሕግ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ በቦዩ ውስጥ ያለውን ፌስታል የሚያወጣው ሕግ ሳይሆን አካፋ ነው።

አራተኛው የኛው የሰዎች ሥራ ነው። በየደጁ ለመሻገሪያ የሚጣለው ቱቦ ብዙ ጊዜ ከቦዩ የጠበበ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ቦይ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ቱቦ የጣለ ሰው የመንገዱን ሁሉ ጎርፍ በገዛ ደጁ አቁሟል።

ጠረጋው መቼ ይሁን?

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ እመለሳለሁ። እኔ የማቀርበው ዋናው ጠረጋ ከጥምቀት ማግስት፣ ከጥር 12 ቀን፣ እስከ ዐድዋ በዓል፣ የካቲት 23 ቀን፣ ባሉት 40 ያህል ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ነው። ለዚህም አራት ምክንያቶች አሉኝ።

በመጀመሪያ፣ ደለሉ በዚያን ጊዜ ደርቋል። ደረቅ ደለል ይቀላል፤ ለመጫንም ይመቻል። በሁለተኛ ደረጃ፣ የቡና ለቀማው አብቅቶ የሰው ጉልበት ይገኛል። በጥቅምትና በኅዳር ሰው ሁሉ ቡናው ላይ ነውና ለቦይ የሚተርፍ እጅ የለም። በሦስተኛ ደረጃ፣ ቡናው ተሸጦ በየቤቱ ጥቂት ገንዘብ ያለው በዚህ ወራት ነው። በአራተኛ ደረጃ፣ የመቀሸሪያው ሥራ እየተገባደደ ስለሚሄድ ገለባውን አንድ ጊዜ ለማንሣት ይቻላል።

ዋናው ጠረጋ ብቻውን አይበቃም። በመጋቢት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የበጋውን ጥርቅም ሁሉ ይዞ ስለሚወርድ፣ ከዚያ ዝናብ ማግስት የቱቦ አፎችን ብቻ የሚጎበኝ አጭር ዙር ያስፈልጋል። ሁለተኛው አጭር ዙር በሰኔ ይሁን። በግንቦትና በሰኔ የጽዳት ዘመቻ ቢደረግም ለዚህ ለሁለተኛው ዙር ያገለግላል እንጂ የጥርን ሥራ አይተካም።

እዚህ ላይ የበጀትን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። የጥገና ገንዘብ በሐምሌ ቢፈቀድ ቦዩ በዚያን ጊዜ ውሃ ሞልቶታል። ጨረታው ሲጠናቀቅ ጥቅምት ይደርሳል፤ ከዚያም «ዝናቡ ስላቆመ አያስቸኩልም» ይባልና ሥራው ወደ በጀቱ መዝጊያ፣ ወደ ሰኔ ይገፋል። የበጀት ዓመት የሚያልቀውም በዝናብ መካከል ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በጀቱ ሲዘጋጅ «የጥርና የየካቲት የቦይ ጠረጋ» የሚል ራሱን የቻለ መደብ ይግባ፤ የሠራተኛና የመኪና ውልም ከታኅሣሥ መጨረሻ በፊት ይፈረም።

ማን ይጥረገው?

ሁሉን ለማዘጋጃ ቤት መጣል አይቻልም፤ ሁሉን ለነዋሪው መተውም እንዲሁ። ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። 100 ሜትር ርዝመት ያለው 60 በ60 ቦይ እስከ ግማሹ ቢደፈን በውስጡ ያለው ደለል 18 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሰው በቀን 2 ሜትር ኩብ ያወጣል ብንል የ9 ቀን ሥራ ይሆናል። ለአንድ ሰው ብዙ ነው። በቦዩ ዳር ግን እያንዳንዱ 10 ሜትር ፊት ያለው አሥር ቤት ቢኖር ለየቤቱ የሚደርሰው 1.8 ሜትር ኩብ ነው። ይህም የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው።

እድርና ደቦ፣ በካፋና በጅማ በኩልም ዳዶ የሚባለው የሥራ ማኅበር፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ እንግዳ አይደሉም። ሬሳ ለማንሣትና ቤት ለመክደን የሚሰበሰብ ሰፈር አንድ ቀን ለቦይ እንዲሰበሰብ መጠየቅ ከባድ ነገር አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ነዋሪው የሚያዝነው ሥራው ሲበዛበት ሳይሆን ሥራው ከንቱ ሲሆንበት ነው። ደለሉ ከቦይ ወጥቶ በቦዩ ጠርዝ ላይ ተከምሮ ከቀረ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ይህን ሁላችንም በየከተማው አይተናል። ስለዚህ የማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ይህ ነው፤ ሰፈሩ በሠራበት ቀን ማታ መኪና ይላክ። ያ 18 ሜትር ኩብ ከአንድ ሲኖትራክ ጭነት ጥቂት ቢበልጥ ነው። የቱቦዎችንና ትልልቆቹን ማስተላለፊያ ቦዮች መጥረግም የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። የመቀሸሪያና የመፈልፈያ ባለቤቶች ደግሞ ገለባቸውንና ልጣጫቸውን በገዛ ግቢያቸው እንዲይዙ ይገደዱ፤ ቢያብላሉት ለቡናቸው ማዳበሪያ ይሆናቸዋል።

በውጭ አገር የኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት አንድ ልማድ አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሚኒያፖሊስ ክረምቱን የተከመረው በረዶ በጸደይ ሲቀልጥ የመንገዱ የውሃ መግቢያ በበረዶና በቅጠል ተደፍኖ ከቆየ ውሃው ወደ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ነዋሪው በደጁ ያለችውን መግቢያ ተረክቦ የሚጠርግበት ሥርዓት አላቸው። እኛ የሚቀልጥ በረዶ የለንም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲመጣ መግቢያው ክፍት ሆኖ መጠበቅ አለበት፤ ክፍት እንዲሆንም ባለቤት ያስፈልገዋል።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ለባልደረቦቼ ከዚህ ቀጥሎ የምለው ለራሴም የምለው ነው።

የቦይ ክዳን ወጥ አይሁን። ስፋቱ 40፣ ርዝመቱ 80፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ክዳን 80 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ እጀታ ካለው ሁለት ሰው ያነሣዋል። ከአንድ ሜትር በላይ የሆነውን ግን ማንም አያነሣውምና ማንም አይጠርገውም። ቦዩ ወደ ቱቦ ከመግባቱ በፊት ደለል የሚቀርበት ጉድጓድና ሊነሣ የሚችል የብረት ወንፊት ይኑር። የደጅ መሻገሪያ ፕላን ከቤት ሥራ ፈቃድ ጋር አብሮ ይሰጥ፤ ከቦዩ የጠበበ ቱቦም አይፈቀድ።

ከሁሉ በላይ ግን የቦይ መውጫ አይረሳ። ሚዛን በተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። የላይኛውን ሰፈር ቦይ አጥርቶ ውሃውን ያለ መከላከያ በገደል አፍ መልቀቅ ችግሩን ወደ ታችኛው ሰፈር ማዛወር ነው። ውሃው በድንጋይ ደረጃ እየተሰበረ እስከ ወንዙ መድረስ አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጥተዋል። ያ አደጋ ከከተማ ቦይ መደፈን ጋር አንድ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በውሃ የጠገበ ተዳፋት ምን ሊሆን እንደሚችል ለሁላችን አሳይቷል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የፈጀው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍም ከላይ ያለው ተፋሰስ ሳይታሰብ የታችኛውን ከተማ ማዳን እንደማይቻል አስተምሮናል። የሸካና የካፋ ደኖች በዩኔስኮ የተመዘገቡ የሕይወታዊ ሀብት ጥብቅ ስፍራዎች ናቸው። እነርሱን መጠበቅም ከከተማ ጎርፍ መከላከል ተለይቶ የሚታይ ሥራ አይደለም።

በመጨረሻም የእያንዳንዱ ከተማ ቦይ በካርታ ላይ ይውጣ። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች በአካባቢው አሉ። ቱቦዎቹን ቆጥረው፣ ስፋታቸውንና የደለሉን ጥልቀት ለክተው በየዓመቱ በታኅሣሥ ለማዘጋጃ ቤቱ ቢያስረክቡ ለተማሪው ትምህርት፣ ለከተማው የሥራ መመሪያ ይሆናል። ከሩብ በላይ የተደፈነው ቦይ ቀድሞ ይጠረግ የሚል ቀላል ደንብ ቢወጣ ዘመቻው ለታይታ ሳይሆን በመለኪያ ይመራል።

ሊነሡ የሚችሉ ጥያቄዎች

«ቦዮቹ ራሳቸው ጠባብ ናቸው፤ ቢጠረጉስ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከላይ እንዳሳየሁት 1.25 ሜትር ኩብ ጎርፍ 0.72 ብቻ በሚያሳልፍ ቦይ አይወሰንም። አንዳንዱ ቦይ መስፋት አለበት። ነገር ግን አዲስ ቦይ እስኪሠራ ዓመታት ያልፋሉ፤ ጠረጋ ግን በዚህ ዓመት ጥር ሊደረግ ይችላል። በዓመቱ ውስጥ የሚወርደው አብዛኛው ዝናብ ደግሞ መጠነኛ ነው፤ እርሱን ንጹሕ ቦይ ይችለዋል። አዲሱም ቦይ ቢሆን ካልተጠረገ የአሮጌውን ዕጣ ያገኛል።

«ይህ የጽዳት ሠራተኛ እንጂ የመሐንዲስ ጉዳይ አይደለም» የሚልም አይጠፋም። ለዚህ የምሰጠው መልስ ያ የረጠበ ቡና ነው። ለአዲስ ሥራ ምረቃ ሪባን ይቆረጣል፤ ለተጠረገ ቦይ ሪባን የሚቆርጥ የለም። ሥራው በደንብ ሲፈጸም ምንም ነገር አይታይም፤ ዝናቡ ይዘንባል፣ ውሃው ይሄዳል፣ ሰው ይተኛል። የሙያችን ክብር ከዚህ ከማይታየው ውጤት ጭምር ይመዘን ዘንድ እመኛለሁ።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ከናንተ መካከል በማዘጋጃ ቤት፣ በመንገድ ሥራ፣ በማስተማርና በግል ድርጅት የምትሠሩ አላችሁ። ወደየሥራችሁ ስትመለሱ አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉ እለምናለሁ። ከቢሮአችሁ ወይም ከቤታችሁ ደጅ ያለውን ቦይ ክዳን አንሡና በሜትር ለኩ። ደለሉ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደ ደረሰ ጻፉ። ያንን ቁጥር ይዛችሁ ለሚመለከተው ክፍል «ጠረጋው ከዐድዋ በዓል በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔም በዚያች ከተማ የሰበርነውን ክዳን በሚነሣ ክዳን አስተክቼ፣ በየዓመቱ በጥር እየሄድሁ ከሥሩ ያለውን አያለሁ። እኒያ እናት አሁንም ቡና ይነግዳሉ። ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ ስለ ሥሌቱ አይደለም፤ «ልጄ፣ ዘንድሮስ ከፍተህ አየኸው?» ነው የሚሉኝ።